ሁለት ሲም የያዘ አልቀየረም

«ለምን አትቀይርም?» በአምቦ መስመር ታክሲ ውስጥ ስለ ካርድ ውድነት ቃል ያወጣ ሰው የሚያገኘው መልስ ይኸው ነው። ከኋላ ወንበር አንዱ ወጣት ይሰነዝረዋል፤ ሜሪላንድ ያለው ዘመድ በቴሌግራም ይልከዋል፤ በሬዲዮ ስለ ገንዘብ ቁጠባ የሚመክሩትም የማኪያቶ ወጪህን ከገመገሙ በኋላ የሚያነሱት እሱኑ ነው። ሐሳቡ ይገባኛል። የቴሌ ብቸኝነት አብቅቷል፣ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ሁለተኛ ኩባንያ አለ፣ ዋጋ ማወዳደር ይቻላል። ስለዚህ ዛሬም ለስልክ ብዙ የሚከፍል ሰው ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ወይ ሰንፏል፣ ወይ ከለመደው መላቀቅ አቅቶታል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ከሆለታ እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ የማየው የቀየረ ሰው ሳይሆን የጨመረ ሰው ነው። የድሮውን የቴሌ 09 ሳይለቅ አዲስ የሳፋሪኮም 07 አስገብቷል። ሁለት ቦታ ካርድ ይሞላል፣ ሁለት ቦታ ጥቅል ይገዛል፣ ሁለት ቦታ ጊዜው ያለፈበት ሜጋባይት ይቃጠልበታል። ይህን «አማራጭ» ብለን ካጨበጨብንለት፣ በአንድ ሱቅ ፋንታ ከሁለት ሱቅ ዱቤ የሚወስድንም ሰው ሀብታም እንበለው።

የኩባንያዎቹ የራሳቸው ቁጥር ይመስክር። ኢትዮ ቴሌኮም የ2014 በጀት ዓመትን የዘጋው 66.6 ሚሊዮን ደንበኞች ይዞ ነበር። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 በድሬዳዋ ጀመረ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በይፋ ተከፈተ። ተወዳዳሪው በገባበት ዓመት ማብቂያ የነባሩ ኩባንያ ደንበኞች 72 ሚሊዮን ሆኑ። የ2016 በጀት ዓመት ሲዘጋ ደግሞ 78 ሚሊዮንን አለፉ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ አዲሱ ኩባንያ በሦስት ወር ውስጥ መስመራቸውን የተጠቀሙ ከ4 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ነበሩት። ሕዝብ ይበዛል፣ ስልክ ያልነበረው ገጠርም እየገባ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ግን ሰው በገፍ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ቢሆን ኖሮ ጥለውት የሄዱት ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 12 ሚሊዮን ሰው አይጨምርም ነበር። ከቴሌ በገፍ የወጣ የለም። ሌላ በር ተከፈተና ሰዉ በሁለቱም ገባ።

ይህን ሳነሳ ወዲያው የሚመጣው መልስ «ቢሆንም ፉክክሩ ዋጋ አውርዷል» የሚል ነው። እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። በብዙዎቻችን ትዝታ ውስጥ ያለው ትልቁ የዋጋ ቅናሽ የመጣው ነሐሴ 2010 ነው። የሞባይል ድምፅ ጥሪ 40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔት 43 በመቶ ወረደ፤ በደቂቃ 83 ሳንቲም የነበረው ጥሪ 50 ሳንቲም ገባ። ያን ጊዜ በአገሪቱ ያለው ኩባንያ አንድ ብቻ ነበር። ሳፋሪኮም የሚመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ወደ ሌላ ኩባንያ እሄዳለሁ ብሎ ያስፈራራ ደንበኛ አልነበረም፤ የሚሄድበትም አልነበረም። ዋጋው የወረደው ከላይ ተወስኖ ነው። እንግዲህ ዋጋን የሚያወርደው የኔና የአንተ ሲም መቀያየር ነው የሚለው እምነት በኛ አገር ታሪክ ምስክር የለውም። አዲሱ ኩባንያ ምንም አላመጣም አልልም። ዳታ ላይ ለውጥ መጥቷል፣ ደንበኛንም በሰው ወግ የማናገሩ ነገር ተሻሽሏል። እሱን ለመካድ ዓይኔን መጨፈን አለብኝ። ነገር ግን «መጣ» እና «ብትቀይር ትድናለህ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ለምን አንቀይርም ታዲያ? እዚህ ላይ ሆለታ ጥሩ አስተማሪ ናት።

ከወልመራ አርሶ አደሮች ወተት ሰብስባ አዲስ አበባ ላሉ ካፌዎች የምታስረክብ አንዲት ነጋዴ እናስብ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ጠርሙስና በርሜል ታዘጋጃለች። ወተት የሚያቀርቡላት ሰዎች ቁጥሯን የያዙት ባለ ቁልፍ ቀፎ ውስጥ ነው፤ ማንበብ የማይችለው ደግሞ በልጁ እጅ አስጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። የሚኒባሱ ሾፌር ጋ አለ፣ የካፌው ገንዘብ ተቀባይ ጋ አለ፣ የእድሩ መዝገብ ላይ፣ የልጆቿ ትምህርት ቤት ቅጽ ላይ፣ የጤና ጣቢያው ካርድ ላይ አለ። ይህች ሴት ከ09 ወደ 07 ብትሄድ በወር የምታተርፈው ስንት ነው? የጥቅል ዋጋ ልዩነት። የምታጣውስ? አንድ አርሶ አደር ላም ወልዳለት የወተቱ መጠን መጨመሩን ሊነግራት ደውሎ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የሚለውን ድምፅ ከሰማ ወተቱን ለሌላ ሰብሳቢ ይሰጣል፤ እንዲህ ያለ ጧት አንዴ ከመጣ የዓመቱን ቁጠባ ይዞት ይሄዳል። ቀይሪ ብሎ የሚመክራት ወጣት ይህን ሒሳብ አልሠራላትም። እሷ ግን ሳትጽፈው ሠርታዋለች፤ ለዚህም ነው የማትቀይረው።

ሌላም ነገር አለ፤ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ፈጽሞ የማይታይ። እኛ ጋ የስልክ ሒሳብ የሚከፍለው የሚደውለው ነው እንጂ የሚያነሣው አይደለም። ብዙዎቹ ርካሽ የድምፅ ጥቅሎች ደግሞ የተቆረጡት በዚያው ኩባንያ ውስጥ ለሚደረግ ጥሪ ነው። እናም እኔ ወደ 07 ስሄድ በእጄ ያለው ጥቅል ይረክስልኝ ይሆናል፤ ወደ ኔ የሚደውሉት 09 የያዙ ሰዎች ግን እንዲህ ያለው ጥቅላቸው እኔ ጋ አይሠራላቸውም፤ ከዋናው ሒሳባቸው ይቆረጥባቸዋል። ወጪው የት እንደሄደ አያችሁ? አልጠፋም፤ ከኔ ኪስ ወደ ደዋዮቼ ኪስ ተሻገረ። ደዋዮቼ እነማን ናቸው? ገጠር ያሉ አጎቶች፣ የቀን ሠራተኛ ወንድም፣ ሚስኮል አድርጋ የምትጠብቅ እህት። በቤተሰቡ ውስጥ ዘመናዊ ቀፎና የሚከፍል ኪስ ያለው ሰው ቀየረ ማለት ድሃው ዘመድ ይከፍላል ማለት ነው። የኛ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ነው «እኔ ልደውልልህ» እየተባባለ ማን ለማን ይደውል የሚለውን የሚያሰላው። ሚስኮል የስስት ምልክት አይደለም፤ ወጪ ማን ላይ ቢያርፍ እንደሚሻል በቤተሰብ ደረጃ የሚደረግ ድርድር ነው። ኩባንያ መቀየር ያንን ድርድር ያፈርሳል።

የከተሞቹም አቀማመጥ ነገሩን ያከፋዋል። የሆለታና የሰበታ ሰው አንድ እግሩ አዲስ አበባ ነው፤ የመስመር ስልኩ እንኳ ልክ እንደ አዲስ አበባው በ011 ይጀምራል። ሌላው እግሩ ግን ገጠር ነው። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በ2015 ሸገር ከተማ የሚባለው አስተዳደር አካል ሲሆኑ በወረቀት ከተሜነታቸው ከፍ አለ፤ የነዋሪው የስልክ ዝርዝር ግን ያው ነው፦ ግማሹ መርካቶና ፒያሳ፣ ግማሹ የእንጦጦ ጀርባ፣ የሙገር አፋፍ፣ የጅማ መንገድ ቀበሌዎች። አዲሱ ኩባንያ ማማውን ያቆመው እንደማንኛውም ነጋዴ ሰው በበዛበት ጀምሮ ነው፤ አይፈረድበትም። አዲስ አበባ መሀል ቁጭ ብሎ «ኔትወርኩ ጥሩ ነው» የሚል መካሪ ግን የሚናገረው ስለ አንድ እግራችን ብቻ ነው።

እና ደግሞ በቃል የተያዙ ቁጥሮች አሉ። ከእነዚህ ከተሞች ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ጂዳ በቤት ሠራተኝነት የሄዱ ልጆች ብዙ ናቸው። ደህና ሲሆኑ በኢሞ ይደውላሉ። ስልኳን አሠሪዋ የቀማት ልጅ ግን ድንገት የሌላ ሰው ቀፎ እጇ ሲገባ የምትደውለው በቃሏ የያዘችውን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የእናቷን። ያ ቁጥር ረጅም ጊዜ ካርድ ሳይሞላበት ከቆየ ይዘጋል፤ ቆይቶም ለሌላ ሰው ይሰጣል። እናትየዋ ርካሹን ኩባንያ ብትመርጥ እንኳ የድሮውን ቁጥር በሕይወት ለማቆየት ካርድ ስትሞላ ትኖራለች። ይህ ወጪ በማንኛውም ማስታወቂያ ላይ አይነበብም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ድምፅ ነው። ገንዘቡ ሲጨመር ቋጠሮው ይጠብቃል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር ካርድ መሙያና ገንዘብ መላኪያ መስሎን ነበር። በ2016 በጀት ዓመት ማብቂያ ከ47 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው። በ2015 ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ሲቀር የቡራዩ ባጃጅ ሾፌር ሳይወድ ስልኩን የነዳጅ ቦርሳ አደረገው። ብድሩም እዚያው ነው፤ «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉት አገልግሎቶች የሚሰጡት ሰውየው በዚያ ቁጥር ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ታይቶ ነው። የባንክ መልእክት የሚገባው በዚያ ቁጥር ነው፤ ለፋይዳ መታወቂያ ስንመዘገብ ማረጋገጫ ኮድ የተላከልንም በሰጠነው ቁጥር ነው። ለዚህ ባጃጅ ነጂ «ቀይር» ስትለው ሲም አይደለም ቀይር የምትለው፤ የዕዳና የክፍያ ታሪኩን ጥለህ ከዜሮ ጀምር እያልከው ነው። ሳፋሪኮምም ይህን አልሳተውም፤ ነሐሴ 2015 ኤምፔሳን ይዞ የመጣው ለፈቃዱ ብቻ 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነው። ያን ያህል የሚከፈለው ካርድ ለመሸጥ አይደለም። ገንዘቡን በሱ ዘንድ ያኖረ ደንበኛ በቀላሉ እንደማይሄድ በደንብ ስለሚያውቅ ነው።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ርካሹ ጥቅል እንምጣ። «ርካሽ» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? ማስታወቂያው የሚለካው በጊጋባይትና በደቂቃ ነው። እንደዚያ ከለካነው በነጠላ ዋጋ የሚረክሰው የወሩ ጥቅል ነው፤ ከዚያ የሳምንቱ፤ በጣም ውዱ የቀኑ። ሰበታ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ ልጅ የቀኑን የምትገዛው ሒሳብ ስለማታውቅ አይደለም። የወሩን በአንድ ጊዜ የምትከፍልበት ገንዘብ በእጇ ስለሌለ ነው። የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ ለቤተሰብ የሚላክ፤ ከዚያ የሚተርፈው የዛሬው ብቻ ነው። ስለዚህ ድሃው በጣም ውዱን ሜጋባይት ይገዛል፣ ሳይጨርሰውም ሰዓቱ ይደርሳል። ከፍላ የገዛችው ነገር ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ወይም ከ24 ሰዓት በኋላ «ጊዜው አብቅቷል» ተብሎ ይወሰድባታል። የሌሊት ጥቅል የሚባለው ደግሞ ለማን እንደታሰበ ገርሞኝ አያውቅም፤ ለተማሪና ለሥራ ፈት ነው፤ የሌሊት ፈረቃ ማሽን ፊት የቆመ ሰው አይጠቀምበትም። በዚህ ነጥብ 09 እና 07 አይለያዩም። ሁለቱም በአብዛኛው የሚሸጡት ጊዜ ያለው ነገር ነው፤ ሁለቱም ካልተጠቀምክበት ይወስዱታል። ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ይህን ሕግ አይነካውም።

ርካሹም ቢሆን እስከ መቼ? ከሳፋሪኮም ጀርባ ያለው ጥምረት በግንቦት 2013 ፈቃዱን ያሸነፈው 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ ነው። የተሸነፈው ኤምቲኤን ያቀረበው 600 ሚሊዮን ነበር። ማማው፣ መሣሪያው፣ ባትሪው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ሲወሰን ደግሞ የነዚያ ዕቃዎች ዋጋ በብር ምን እንደሚሆን ማንም የሱቅ ባለቤት ይነግራችኋል። ይህን ያህል ያፈሰሰ ባለሀብት ገንዘቡን የሚመልሰው ከኛው ነው። የመግቢያ ዋጋ መግቢያ ነው። ቁጥርህን አስረክበህ ከገባህ በኋላ ዋጋው ሲወጣ ተመልሰህ የምትሄደው በምን ቁጥር ነው?

የሜሪላንዱን ዘመድ አልረሳሁትም። እሱ የሚኖርበት አገር ምክሩ ይሠራል፤ ለምን እንደሚሠራ ግን ነግሮን አያውቅም። አሜሪካ ውስጥ ከኅዳር 2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞባይል ደንበኛ ቁጥሩን ይዞ ወደፈለገው ኩባንያ የመሄድ መብት አለው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የኛ ሰው ከትልቁ ኩባንያ ወደ ርካሹ ሲዞር እናቱ አንዲት ዜሮ እንኳ ሳትለውጥ ትደውልለታለች። በዚያ ላይ የሚሄድበት ርካሽ ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ማማ የለውም፤ ከትልልቆቹ አቅም በጅምላ ተከራይቶ በችርቻሮ የሚሸጥ ነው። ይህ አሠራር በ1999 እ.ኤ.አ. ቨርጂን ሞባይል እንግሊዝ ውስጥ ከከፈተው ወዲህ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። ኔትወርኩ ያው የትልቁ ነው፣ ዋጋው ግን ያነሰ። ስለዚህ የቀየረ ሰው የሚያጣው ነገር ትንሽ ነው። እኛ ጋ ግን ፈቃድ ያላቸው ሁለቱም የየራሳቸውን ማማ የሚያቆሙ ናቸው፤ ተከራይቶ የሚቸረችር ሦስተኛ፣ አራተኛ የለም። ሁለቱ መሠረቶች በሌሉበት ምክሩን ብቻ ማስመጣት ሶኬት በሌለበት ቤት ማቀዝቀዣ እንደመላክ ነው። ደግሞ እዚያም ቢሆን ትልልቆቹ ዝም ብለው አላዩም፤ ቬራይዘን በ2021 እ.ኤ.አ. ትራክፎንን፣ ቲ-ሞባይል በ2024 እ.ኤ.አ. የሚንት ሞባይልን እናት ኩባንያ ገዝተዋል። ርካሹ ኩባንያ የትልቁ ልጅ የሆነበት ጊዜ ላይ ደርሰናል።

ይበልጥ የሚቀርበን ግን ኬንያ ነው፤ እዚያ ደግሞ ምፀት አለ። እኛ ጋ ታናሽና ተገዳዳሪ ሆኖ የመጣው ሳፋሪኮም በአገሩ ሌላው ሁሉ የሚገዳደረው ግዙፍ ነው። በነሐሴ 2010 እ.ኤ.አ. የኬንያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኩባንያዎች ለጥሪ ማገናኛ የሚከፋፈሉትን ክፍያ ከ4.42 ሽልንግ ወደ 2.21 አወረደው። ዛይን የተባለው ተወዳዳሪ፣ የዛሬው ኤርቴል፣ ወዲያው የደቂቃ ጥሪን ወደ 3 ሽልንግ ጣለ። በሚያዝያ 2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቁጥርን ይዞ መሸጋገር ተፈቀደ። በ«ለምን አትቀይርም» ትምህርት መሠረት የሳፋሪኮም ደንበኞች መጉረፍ ነበረባቸው። አልጎረፉም። ቁጥራቸውን ይዘው መሄድ ቢችሉም ኤምፔሳቸውን ይዘው መሄድ አልቻሉም፤ በየመንደሩ ያለው ወኪልም የኤምፔሳ ብቻ ነበር። ወኪሎች ለአንድ ኩባንያ ብቻ እንዲሠሩ የሚያስገድደው ውል የቀረው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከአንዱ ኩባንያ ቦርሳ ወደ ሌላው ገንዘብ መላክ የተቻለው ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ ጨዋታው አልቆ ነበር። ሳፋሪኮም ዛሬም በኬንያ ቀዳሚ ነው።

ይህ ለኛ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛው፣ ኬንያዊው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም ያልቀየረው። ሁለተኛው ለራሴም ወገን የሚቆረቁር ነው፦ እኔ የምጠይቀው የቁጥር ማሸጋገር እንኳ ቢመጣ ብቻውን አይበቃም። ገንዘቡ አብሮ ካልተፈታ ቁጥሩ ቢፈታም ሰውየው እንደታሰረ ነው።

አሁን የተቃዋሚዬን ጠንካራ ክንድ ልያዝ። እንዲህ ይለኛል፦ «ሁለት ሲም መያዝም እኮ ብልህነት ነው። ለድምፅ 09፣ ለዳታ 07። ሁለት ሲም የማይቀበል ቀፎ የለም። ምን ከሰርኩ?» ይህ ለአንዳንዱ እውነት ነው። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳምንቱን ሙሉ ቪዲዮ የሚያወርድ ከሆነ፣ በቴሌግራም ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ ከሆነ፣ የዳታው ልዩነት ይሰማዋል፤ ይጠቀምበት፤ አልከለክለውም። ነገር ግን ይህ ሰው ለነባሩ ኩባንያ ምን ነገረው? ድምፁን፣ ቦርሳውን፣ ቁጥሩን እዚያው ትቶለት ሄደ። ለአዲሱስ? ዋናውን ደንበኝነት ሳይሆን ትርፍ ሰዓቱን ሰጠው። አንዱም በእውነት አልተፈራም። ደንበኛ ኩባንያን የሚያስፈራው ጥሎ መሄድ ሲችል ነው፤ ሁለተኛ ሲም ደግሞ ጥሎ ያለመሄድ ዘዴ ነው። ብልሁ ተማሪ በግሉ ጥቂት ብር አተረፈ እንጂ የወተት ነጋዴዋን ዋጋ በአንድ ሳንቲም አላወረደላትም።

«ኢትዮ ቴሌኮም የሕዝብ ነው፣ ትርፉም ለሕዝብ ነው፣ ደንበኛውን ለምን እንዲያጣ ትመኛለህ?» የሚሉም አሉ። በአጭሩ፦ በ2017 እኮ 10 በመቶው ድርሻ ለዜጎች ለሽያጭ ቀርቧል፣ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን። ሆለታ ላይ 9,900 ብር አውጥቶ የገዛው ሰውና የቀን ጥቅል የምትገዛው ልጅ አንድ አይደሉም። ከሷ የተቃጠለ ሜጋባይት ተሰብስቦ ትርፍ ቢሆን የሷ ድርሻ ምኑ ላይ ነው?

ቀስቴን ወደ ተጠቃሚው የማልወረውረው ለዚህ ነው፤ የምወረውረው ወደ ተቆጣጣሪው ነው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው፤ የተቋቋመውም ይህን ገበያ ለመቆጣጠር ነው። ቁጥርን ይዞ ስለመሸጋገር የሚደነግግ መመሪያ ያወጣው ሳፋሪኮም ሲም መሸጥ ከመጀመሩ በፊት ነው። መመሪያው ቀድሞ ወጥቶ ሳለ አዲሱ ኩባንያ በሠራባቸው በነዚያ የመጀመሪያ ወሳኝ ዓመታት 09ን ይዞ ወደ 07 መሄድ አልተቻለም። ደንበኛ የሚከፋፈለው፣ ልማድ የሚተከለው፣ ቦርሳው የሚሞላው በነዚያ ዓመታት ነው። ለሦስተኛ ኩባንያ የወጣው ጨረታም ሳይሳካ ቀረ። ሦስተኛው ማማ ተካይ ባይገኝ አይገርመኝም፤ 850 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሰው በየቀኑ አይመጣም። ማማ ሳይተክል አቅም ተከራይቶ የሚሸጥ ግን ያን ያህል ገንዘብ አያስፈልገውም። ለሱ በር ለመክፈት የሚያስፈልገው ሁለቱ ኩባንያዎች ለተከራይ የሚያስከፍሉትን ዋጋ የሚወስን ተቆጣጣሪ ነው። የሆለታ ወተት አምራቾች ማኅበር ወይም አንድ ባንክ ለአባላቱ የራሱን ርካሽ መስመር የሚሸጥበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ በሌላ አገር ሱፐርማርኬቶች ያደርጉታል።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ያለ አንድ ማማ፣ ያለ አንድ ዶላር ሊሠሩ የሚችሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ገንዘብ የተከፈለበት ጥቅል ሳያልቅ ጊዜው ሲደርስ ቀሪው ከቀጣዩ ግዢ ጋር እንዲደመር ማስገደድ ነው። ሁለተኛው በጥቅል የሚሸጥ የድምፅ ደቂቃ ወደ ማንኛውም የአገር ውስጥ ቁጥር እንዲያገለግል ማድረግ ነው። ደቂቃው ለ09ም ለ07ም እኩል ከሠራ፣ የወልመራው አርሶ አደር ወተት ሰብሳቢዋ የየትኛው ኩባንያ ደንበኛ እንደሆነች መጠየቁን ይተዋል፤ እሷም የሱን ካርድ ሳታስጨርስ መወሰን ትችላለች። ኩባንያዎቹ ይህ እንዳይመጣ በማገናኛ ክፍያው እንደሚከራከሩ እገምታለሁ። የማገናኛ ክፍያውን የሚወስነው ግን ባለሥልጣኑ ነው፤ ኬንያ በአንድ ቀን በግማሽ ቆርጣዋለች።